አባዬ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ እምነቱ ጠፋ። ድኅነቱስ?

የአባቷ ልጅ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁም። ማንን እንደምጠይቅ ጨንቆኝ ነው እዚህ የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባዬ 61 ዓመቱ ነው። የዛሬ 14 ወር ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ግንባሩን ክፉኛ ተመታ። ውስጥ ደም ፈስሶ ስለነበር ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሦስት ሳምንት ያህል ራሱን አያውቅም ነበር። ሲነቃ ስማችንን ጠራ። ቀስ በቀስ መራመድ ጀመረ። ዛሬ ብቻውን ሱቅ ሄዶ መልሱን በትክክል ቆጥሮ ይመጣል። ያየው ሁሉ «ተአምር ነው» ይላል፣ እኛም ስለታችንን አስገብተናል።

ግን ወደ ቤት የመጣው የማውቀው አባዬ አይደለም። አባዬ በልጅነቱ ቆሎ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነው። የዕለቱን ዳዊት ሳይደግም እህል አፉ አይገባም ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእንቅልፌ የምነቃው በእሱ ድምፅ ነው። አሁን አይጸልይም። መጀመሪያ ድካም ነው ብለን ተውነው። አንድ እሁድ እማዬ «ተነስ ቤተ ክርስቲያን እንሳም» ስትለው ግን ሳይቆጣ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «አንቺ ሂጂ። እኔ እግዚአብሔር ያለ አይመስለኝም» አላት። እንዲሁ በቀላሉ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የባሰው ባለፈው ሳምንት ነው። ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለናል። «አንገቴን አሳከከኝ» አለና መቀስ አንስቶ ማተቡን ቆረጠው። ከዚያ ሲኒው ሥር ባለችው ማስቀመጫ ላይ አኖረው። ጥቁሯ ክር የፈሰሰው ቡና ነክቷት እዚያው ተጠቅልላ ቀረች። እማዬ ጀበናውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እሱ «ቶናው አልደረሰም?» አለ። ማተቡን አጥቤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ጎረቤት «ሰይጣን ነው፣ ጠበል ውሰዱት» ይላል። አጎቴ ደግሞ «ድሮም ልቡ አላመነም ነበር ማለት ነው» አለ። ይሄ አጥንቴ ድረስ ነው የገባው። ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ እንዳለ ቢሞትስ? ዕድሜውን ሙሉ ያመነው ነው የሚቆጠርለት ወይስ የመጨረሻው ቃሉ? «በሰው ፊት የሚክደኝን» የሚለው ጥቅስ ሌሊት እየቀሰቀሰኝ ነው። ፍትሐትስ ይደረግለታል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ነርሷ

አይዞሽ እህቴ። የጭንቅላት ጉዳተኞችን ለብዙ ዓመት አስታምሜያለሁ። ስለ ድኅነት የማውቀው እንደ ማንም ምእመን ነው፣ ስለ ግንባር ምት ግን ልንገርሽ።

ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ለመነሳሳት፣ ስሜትን ለመግታት፣ ነገሩን ከልብ ለማድረግ የሚያስፈልግ ነው። እሱ ሲጎዳ ሰውየው ይናገራል፣ ይቆጥራል፣ ይራመዳል፣ ግን የሚወደው ነገር ሁሉ ይቀዘቅዝበታል። ልጁ ስታለቅስ ዝም ብሎ ያያታል። አፉ ላይ የመጣውን ሳይመዝን ይናገራል። ቤተሰብ ሁሌ የሚለን አንድ ነው፦ «ሌላ ሰው ሆነብን»። አባትሽ ማተባቸውን ቆርጠው ወዲያው ቶና መጠየቃቸው ለእኔ ንቀት አይመስለኝም። ሕመሙ እንዲህ ነው የሚታየው።

ይሄ ድሮም የታወቀ ነው። አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ በ1848 (በፈረንጆች) ፊኒየስ ጌጅ የሚባል የ25 ዓመት የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ድንጋይ ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈነዳና ከ1 ሜትር የሚረዝም፣ 6 ኪሎ የሚመዝን ብረት በግራ ጉንጩ ሥር ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ተረፈ። ጠባዩ ግን ተለወጠ። ትሑትና ሥራ አክባሪ የነበረው ተሳዳቢና ወላዋይ ሆነ፣ ወዳጆቹም «ይሄ ጌጅ አይደለም» አሉ። ሰው የሚረሳው ደግሞ ቀጣዩን ነው። በኋላ ቺሌ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል፣ ያ ደግሞ ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። 14 ወር አለፈ ማለት ሁሉም አበቃ ማለት አይደለም።

ሁለት ነገር ግን በጣም አደራ። ሐኪማቸውን የድብርት ምርመራ ጠይቂ፣ ከአንጎል ሥር ያለችው ሆርሞን አመንጪ ዕጢም ተጎድታ እንደሆን በደም ምርመራ ይታይላቸው። ሁለቱም ሰውን ያቀዘቅዛሉ፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ጠበል መውሰድ ከፈለጋችሁ ውሰዱ፣ እኔም አምናለሁ። ግን የሚጥል በሽታ መከላከያ እየወሰዱ ከሆነ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጡ። ማሰር፣ መግረፍ፣ ምግብ መከልከል የሚል ሰው ካለ ደግሞ ይዘሻቸው ተመለሺ። በድንገት መድኃኒት አቁመው እየተንቀጠቀጡ የመጡ ሰዎችን ተቀብያለሁና ነው እንዲህ የምለምንሽ።

---

ዲያቆኑ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ አጎትሽ የተናገሩት ነገር ልክ አይደለም፣ ከዚያ ልጀምር። እግር የተሰበረበትን ሰው «ድሮም አልተራመደም» አንለውም።

አባትሽ ክርስቲያን የሆኑት በ40 ቀናቸው ነው። ያን ጊዜ የሚያስብ አእምሮ ነበራቸው? አልነበራቸውም። ክርስትና አባታቸው ስለ እሳቸው ሆኖ ሰይጣንን ካደ፣ ስለ እሳቸው ሆኖ አመነ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ተቀበለች። ማመን ያልቻለውን ሕፃን በሌላ ሰው እምነት የተቀበለ አምላክ፣ ማመን ያቃተውን ሽማግሌ በምን አንጀቱ ያባርራል? ማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው በጣራ አወረዱት። ቃሉ የሚለው «እምነታቸውን አይቶ» ነው። የተሸከሙትን ነው የሚያነሣው። ሽባው ራሱ ምን እንዳሰበ የተጻፈ የለም። አሁን ተሸካሚዎቹ አንቺና እናትሽ ናችሁ።

«የሚክደኝን» የሚለው ጥቅስ ፍርድ ፊት ቆመው ነፍሳቸውን ለማትረፍ ለሚክዱ ሰዎች የተነገረ ነው። ከፍ ብለሽ አንብቢው፣ ስለ ሸንጎና ስለ ነገሥታት ነው የሚያወራው። ጴጥሮስ እኮ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ፣ እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ ክዷል። እሱ እንኳ ተመልሷል።

ፍትሐትን በተመለከተ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለነበረው ለጢሞቴዎስ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። አእምሮውን ስቶ ራሱን ያጠፋ ሰው መሥዋዕት ይቀርብለታል ወይ ተባለ። መልሱ፣ ካህኑ በደንብ ይመርምር፣ በእርግጥ አእምሮውን ስቶ ከሆነ ይቅረብለት የሚል ነው። ራስን ማጥፋትን ያህል ነገር በሕመም ከተፈጸመ እንዲህ ከታየ፣ ሻይና ቡና ላይ የተነገረ ቃል እንዴት ይታያል? አንቺው ፍረጂ። የንስሐ አባታችሁ ቤት መጥተው እንዲያዩአቸው ዛሬውኑ ጠይቁ። አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ ቀዶ ጥገናውን፣ ለውጡ መቼ እንደጀመረ ሁሉንም ንገሩአቸው። ይሄን እኔ በጽሑፍ ከምነግርሽ እሳቸው በዓይናቸው ቢያዩ ይሻላል። ደግሞ ማተቡን በግድ አትሰሩላቸው።

---

ወንድም ከሜሪላንድ

እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ በሌላ በኩል ልጨምር። በእኛ በኩል «አንዴ የዳነ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም» የሚለው ክርክር ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆላንድ ዶርት ላይ በ1618 ጉባኤ ተቀምጠው በዚሁ ተከራክረዋል። አይጠፋም የሚሉት፣ እግዚአብሔር ነው የያዘው ይላሉ። ይጠፋል የሚሉት ደግሞ ሰው ወዶና ፈቅዶ ትቶ መሄድ ይችላል ይላሉ። ልብ በይ፣ ወዶና ፈቅዶ! በየትኛውም ወገን ብትቆሚ፣ ባጃጅ ተገልብጦበት ፈቃዱ የተጎዳ ሰው ትቶ እንደሄደ አይቆጠርም።

ለእኔ የሚከብደው ሌላ ነው፣ አንቺም ሳታስቢው አትቀሪም። አንድ ምት እምነትን ካጠፋ፣ እምነት ድሮውንም የአንጎል ሥራ ብቻ ነበር ማለት ነው? እኔ በዚህ ለወራት ተጨንቄያለሁ። ተቃራኒውም አለ። የጆሮ ግንድ አካባቢ ካለው የአንጎል ክፍል በሚነሳ የሚጥል በሽታ ምክንያት መንፈሳዊ ስሜታቸው በጣም የሚያይል ሰዎች አሉ። ታዲያ እነሱን በሕመማቸው ምክንያት «ጻድቅ» እንላቸዋለን? አንልም። እንግዲያው በሕመሙ ምክንያት የቀዘቀዘውንም «ከሃዲ» ማለት አንችልም። የምናምነው በሥጋችን ነው፣ ሌላ የምናምንበት ዕቃ አልተሰጠንም። ዕቃው ሲሰበር የሰጠው ያውቃል። ናቡከደነፆር አእምሮውን አጥቶ እንደ በሬ ሣር በላ፣ እግዚአብሔርን ያመሰገነው አእምሮው ሲመለስለት ነው። በዚያ መካከል ለምን አላመሰገንህም ብሎ የጠየቀው የለም።

2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥13 «ባናምነው፥ እርሱ የታመነ ሆኖ ይኖራል» ይላል። እኔን ያሳረፈኝ ይሄ ነው።

---

ተጎድቼ የነበርኩ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። ግን አንድም ሰው አባቷን ጠይቂያቸው አላላትም።

እኔ ከ6 ዓመት በፊት ከፎቅ ግንባታ ላይ ወድቄ ጭንቅላቴ ተሰንጥቆ ነበር። ከውስጥ ሆኖ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጸሎቱን አልረሳሁትም። «አባታችን ሆይ» ስል ቃሉ ይወጣል፣ ግን ምንም አይነካኝም። ጉንፋን ይዞሽ ወጥ ስትበዪ ትኩስ መሆኑ ይታወቅሻል፣ ጣዕሙ ግን የለም፣ አይደል? እንደዚያ። የእናቴም ፊት እንደዚያ ነበር። እናቴ መሆኗን አውቃለሁ፣ ድሮ የሚሰማኝ ግን አይሰማኝም። ይሄንን አፍ አውጥቼ የተናገርኩት በእምነቱ በኩል ብቻ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ካደ አለኝ። እኔ ግን እየካድኩ አልነበረም። የማየውን እየተናገርኩ ነበር፣ የለም ስል ለእኔ አይሰማኝም ማለቴ ነው።

ያቆሰለኝ ደግሞ እኔ ተቀምጬ ስለ እኔ ማውራታቸው ነው። «እሱ አይደለም የሚናገረው፣ በሽታው ነው» ይላሉ። በሽታውም እኔም አንድ ቤት ነበርን እኮ። ነርሷ ያለችው እውነት ነው፣ ግን አባትሽ የሚናገሩትን ሁሉ በሽታ ብላችሁ ከዘጋችሁት ብቻቸውን ይቀራሉ። ምናልባት ደግሞ አስበውበት ይሆናል፣ ማን ያውቃል? ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። ለመመለስ ሳይሆን ለመስማት።

እኔ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እንደ ድሮው አይደለሁም፣ እንባዬ አይመጣም። ግን እቆማለሁ። ያቆየኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። በየሳምንቱ እየመጣ «አንተ ዝም በል፣ እኔ ለሁለታችን እጸልያለሁ» ይለኝ ነበር። አንድ ቀንም አልተከራከረኝም።

---

የአባቷ ልጅ (አዳማ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንድ በአንድ እያለቀስኩ አነበብኩት። ለእማዬም አነበብኩላት። ለአጎቴ የዲያቆኑን ላኩለት፣ እስካሁን አልመለሰም።

የሐኪም ቀጠሮ ይዘናል፣ የዕጢውንም ነገር እጠይቃለሁ። መድኃኒቱን አላቋረጥንም፣ ከእንግዲህም አናቋርጥም። የንስሐ አባታችንም ለቅዳሜ እመጣለሁ ብለውናል።

የመጨረሻው መልስ ላይ ግን ቆየሁ። እውነት ነው፣ አባዬን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። ትናንት ማታ ብቻችንን ስንሆን «አባዬ፣ ስትጸልይ ምን ነበር የሚሰማህ?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ክፍሉ ባዶ ነው» አለ። «ያሳዝንሃል?» ስለው «ማዘንም አይመጣልኝም» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። እጁን ብቻ ያዝኩት።

ዛሬ ጠዋት የእሱን ዳዊት አንስቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግዕዝ እንደ እሱ አልችልም፣ እየተንተባተብኩ ነው የማነበው። «አባዬ አንተ አትድገም፣ እኔ ላንብብ» አልኩት። «እንዳሻሽ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን፣ ወዘኢቆመ ውስተ ፍኖተ ኃጥኣን» ብዬ መስመር ዘለልኩና ወደ ታች ሄድኩ። ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ፣ በዚያ በድሮ ድምፁ፣ «ዘለልሽ» አለኝ። «ወዘኢነበረ ውስተ መንበረ መስተሳልቃን። ከዚያ ጀምሪ።»

ከዚያ ጀመርኩ።