ጥቆማ፦ ቴሰራክትን ከሶርስ ኮምፓይል ለማድረግ ጎንደር ላይ ምን ይገዛ? የት ይውረድ?

ጠያቂ (ማራኪ)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የአማርኛ ስካን የሚያነበውን ቴሰራክት 5 የሚባል ፕሮግራም ከሶርስ ኮምፓይል እያደረግሁ ነው፣ ማለትም ከኮዱ ራሴ እየሠራሁት። ከኮምፓይል በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው ኮንፊገር የሚባለው ስክሪፕት «ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል» ብሎ ይቆማል፤ ሌፕቶኒካ (ቴሰራክት የሚጠቀምበት የምስል ላይብረሪ) ግን ተጭኗል። ዴስክቶፕ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ኡቡንቱ 24.04። ኤረሩን እንዴት ላልፈው? ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ይሄው ይበቃል? ለማውረድስ የሞባይል ጥቅል ይሻላል ወይስ ኢንተርኔት ቤት?

የሊኑክስ ልጅ፦ ማንበብ ብቻ ከሆነ የፈለግኸው ኮምፓይል አታድርግ። ቴሰራክት-ኦሲአር እና የአማርኛው ቴሰራክት-ኦሲአር-ኤኤምኤች በአፕት (በኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) ይገባሉ፤ 24.04 ላይ ያለውም 5ኛው ነው። ልፋቱ የሚያዋጣው ከዚያ የበለጠ አዲስ ቨርዥን ካስፈለገህ ወይም ኮዱን ራስህ የምትነካካው ከሆነ ነው።

ኤረሩን በተመለከተ፣ የተጫነልህ ፕሮግራም የሚሮጥበት ላይብረሪ ብቻ ነው። ኮንፊገር የሚፈልገው ኮምፓይለሩ የሚያነባቸውን ሄደር ፋይሎችና ላይብረሪው የት እንዳለ የሚናገረውን ዶት-ፒሲ የሚባለውን ፋይል ሲሆን እነሱ ያሉት ሊብሌፕቶኒካ-ዴቭ ውስጥ ነው። እሱ ገብቶም እምቢ ካለ ኮንፊግ.ሎግን ክፈት። መጨረሻው ላይ የምታየው ረጅም ዝርዝር የቫሪያብል ክምር ስለሆነ እለፈው፤ ከሱ በላይ «ሌፕት» የሚለውን ቃል ፈልግና የትኛው ትዕዛዝ እንደወደቀ እይ። ሌፕቶኒካን ሆም ፎልደርህ ስር በእጅህ ጭነኸው ከሆነ ደግሞ ዶት-ፒሲው ያለበትን ፎልደር ፒኬጂ-ኮንፊግ-ፓዝ ለሚባለው ቫሪያብል ስጠው።

ኤረር እየጠበቁ የጎደለውን ፓኬጅ አንድ በአንድ መጫን አድካሚ ነው። ኡቡንቱ.ሶርስስ በሚለው ፋይል ውስጥ «ታይፕስ» ከሚለው መስመር ላይ ዴብ-ኤስአርሲን ጨምር፣ አፕዴት አድርግ፣ ከዚያ አፕት ቢልድ-ዴፕ ቴሰራክት በል። የሚያስፈልገው በሙሉ ባንድ ጊዜ ይመጣል።

አዘዞ፦ 4 ጊጋ ራም ይዞ ሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይል ማድረግ ራስን ማሰቃየት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ያለው ይግዛና ይገላገል። መብራት ሲጠፋም ባትሪው ይይዝለታል፤ ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) መግዛት ሊኖርበት ነው።

ጥገና ቤት (ፒያሳ)፦ በመብራቱ እስማማለሁ፣ በራሙ ግን አይደለም። ሜክ -ጄ4 ብሎ (አራት ፋይል በአንዴ) ኮምፓይል ማድረግ ሲጀምር «ኪልድ» የሚል መልእክትና ሲሲ1ፕላስ የሚል ስም አብረው ከመጡ ራም አልቆ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ኮምፓይለሩን ገድሎታል ማለት ነው። ሜክ -ጄ1 ብሎ (አንድ በአንድ) ይቀጥል፤ ያለቁት ፋይሎች እንደገና አይሠሩም። 4 ጊጋ ስዋፕ ፋይል (ዲስክ ላይ እንደ ራም የሚያገለግል) ቢጨምር ደግሞ ይበልጥ ይረጋጋል። ቴሰራክት እንደ ድረ ገጽ ብራውዘር ግዙፍ አይደለም፣ በ4 ጊጋ ያልቃል።

ራም ልትገዛ ከሆነ ሱቅ ከመሄድህ በፊት የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲኤምአይዲኮድን ከፍተህ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አረጋግጥ። የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ራም በመጠን ይለያያል፣ አንዱ ላንዱ አይገባም። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ 1.35 ቮልት የሆነውን ዲዲአር3ኤል ብቻ የሚቀበሉ አሉ፣ የ1.5ቱን ስትሰካባቸው አይነሱም። ያገለገለ ራም ስትገዛ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት ሙሉ አንድ ዙር ሳያልፍ ብሩን አትክፈል። የተበላሸ ራም ኮምፓይል ላይ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ «ኢንተርናል ኮምፓይለር ኤረር» ይመጣል፣ ደግመህ ስትሞክር ደግሞ በሌላ ፋይል ላይ ይመጣል። ሁልጊዜ አንድ ፋይል ላይ ከቆመ ግን ጥፋቱ የራሙ ላይሆን ይችላል።

ከሁሉም በፊት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ እይ፤ ሲአር2032፣ 3 ቮልት ናት። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደኋላ ይመለሳል፤ ኮንፊገር «አዲስ የተፈጠረው ፋይል ከቆዩት ይበልጥ አሮጌ ነው» ይልሃል፣ ሜክም «ክሎክ ስኪው» (ሰዓት ተዛብቷል) እያለ ያስጠነቅቃል። እኛ ጋ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው፦ ሰዓቱን በእጅ ሲያስተካክሉ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሞልተዋል። ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄደ ማለት ነው፤ አፕት «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይዘጋል፣ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬትም አይቀበልም። ሰው ኔትዎርኩን ይራገማል። ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ ብለህ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ተወው።

ቀበሌ 18፦ ስለ ማውረዱ እኔ ልጨምር። የቴሰራክት ሶርስ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ዳታ የሚበላው የዴቭ ፓኬጆቹ ናቸው፤ አፕት «ዋይ ወይስ ኤን» ብሎ ሲጠይቅ ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይጽፋል፣ ኤን በልና ቁጥሩን አይተህ ወስን። ከጥቅልህ ካልበለጠ በሞባይል፣ በተለይ በሌሊት ጥቅል፣ ቤትህ ሆነህ ጨርሰው። አፕት መሀል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ሶርሱን በጊት የምታወርድ ከሆነ ግን አይቀጥልም፣ ክሎን (ኮዱን መገልበጡ) ከተቋረጠ ከዜሮ ነው፤ የቅርቡን ብቻ እንዲያወርድ ዴፕዝ 1 ጨምርበት። የሠለጠኑትን የቋንቋ ዳታዎች ሬፖ (ማከማቻ) ደግሞ ጨርሶ ክሎን እንዳታደርግ፣ የዓለም ቋንቋ ሁሉ አለበት። አንተ የምትፈልገው ኤኤምኤች.ትሬንድዳታ የምትባል አንዲት ፋይል ናት።

ኢንተርኔት ቤት የሚያዋጣው ቤትህ ኔትዎርክ ከሌለ ነው። አፕት-ጌት ላይ ፕሪንት-ዩአርአይስ ጨምረህ የአድራሻውን ዝርዝር በፍላሽ ይዘህ ሂድ፣ ዴብ ፋይሎቹን አውርድና ቤት ስትመለስ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ገልብጣቸው። የፋይሎቹ ስም ከዝርዝሩ ሁለተኛ ዓምድ ጋር ካልገጠመ አፕት አያውቃቸውም፣ አስተካክለው። የሶርሱን ታር ፋይል እዚያ ዊንዶውስ ላይ አትፍታው፣ እንደታሸገ አምጣው። ፍላሹ ላይም አትፍታው፦ የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አይዝም፣ ኮንፊገርም «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል። ሆም ፎልደርህ ውስጥ፣ ክፍት ቦታ የሌለው ስም ባለው ፎልደር ፍታው። «አዲስ ፎልደር» በሚል ውስጥ ሜክ መንገዱን ይስታል።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ዴቩን ስጭን አለፈ፣ ግን ሌላ ማሽን ላይ ስሞክረው «ፒኬጂ ቼክ ሞጁልስ» የሚል ሲንታክስ ኤረር አመጣ።

የሊኑክስ ልጅ፦ እዚያኛው ማሽን ላይ ኦቶጀን (ኮንፊገርን የሚጽፈው ስክሪፕት) ሲሮጥ ዶት-ፒሲ ፋይሎችን የሚያነበው ፒኬጂ-ኮንፊግ አልነበረም። ጫነውና ኮንፊገርን ብቻ ሳይሆን ኦቶጀንን ራሱን ድገመው፤ የተበላሸው ኮንፊገር የተጻፈው በሱ ነው። ሱዶ ሜክ ኢንስቶል ካልክ በኋላ «ሼርድ ላይብረሪ አልተገኘም» ካለ ሱዶ ኤልዲኮንፊግ በል። ከዚያ ኤኤምኤች.ትሬንድዳታን /ዩኤስአር/ሎካል/ሼር/ቴስዳታ ውስጥ አስቀምጥ፣ በአፕት የገባው ያለበት ፎልደር ሌላ ስለሆነ በእጅ የተሠራው አያየውም። ቴሰራክት ሊስት-ላንግስ ስትል ኤኤምኤች ከወጣ ገብቷል።