ሲኒማ ቤታችንን ነጻ ለማቆየት ከየት እንጀምር?

ጤና ይስጥልኝ። የአካባቢያችንን አሮጌ ሲኒማ ቤት ከነነጻነቱ ለማቆየት የተሰባሰብን ነዋሪዎች ነን፤ አሁን ግን ግራ ገብቶናል። የሕንጻው ባለቤት የኪራይ ውሉ ሲያበቃ ብዙ አዳራሾች ላሉት ኩባንያ ሊያከራዩት አስበዋል። ሕንጻው በቅርስነት ስለተመዘገበ ተጽናንተን ነበር። ለካ ምዝገባው የሚጠብቀው ግድግዳውንና ጣሪያውን እንጂ ውስጡ ማን ምን እንደሚያሳይ አይደለም!

ሁለት መንገድ ታይቶናል። አንዱ ለትርፍ ያልቆመ የአደራ ድርጅት ማቋቋም ነው፤ ለንደን የሚገኘው ፊኒክስ ሲኒማ እ.ኤ.አ. በ1985 የተረፈው በዚህ ዓይነት ድርጅት ነው። ሌላው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን አክሲዮኑ ቢበዛም ቢያንስም አባል ሁሉ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፤ ገንዘብ ያለው ሰው ስብሰባውን እንዲጠቀልለው አልፈልግም። ችግሩ ግን ባለቤቱ አስቀድመው ገንዘቡን ማየት ይፈልጋሉ፤ ሰዉ ደግሞ ውሉን ሳያይ አክሲዮን አይገዛም።

ፊርማ እንደሆነ ሞልቶናል፤ ፊርማ ግን የፕሮጀክተር መብራት አይገዛም። መሣሪያው አርጅቷል። ሌላ እንዳንዋስ፣ አከፋፋዮች ፊልሙን የሚልኩት በተቆለፈ ፋይል ነው፤ ቁልፉም ለተወሰኑ ቀናትና ለተመዘገበው መሣሪያ ብቻ ይሠራል።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን። ውሉ ካልተፈረመ ለየአዋጪው የሚመለስ መዋጮ በዝግ ሒሳብ ብናስቀምጥ ባለቤቱን ያሳምናል? ወይስ አስቀድሞ ቅድሚያ የሚሰጠን አጭር ስምምነት ማስፈረም ይሻላል? የሕንጻው ባለቤት መልስ የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።