የጡት ካንሰር የታከመች እህቴ ራስ ምታት አልለቅ አላት፣ ሲቲ ስካን ብቻ ይበቃል?

ታናሿ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ ሄር-ቱ ፖዘቲቭ (ሄር-ቱ የሚባል ፕሮቲን የበዛበት) የጡት ካንሰር ታክማ ደህና ሆና ነበር። ሰሞኑን ግን ጠዋት ስትነሳ ራሷን በጣም ያማታል፣ ያስመልሳታልም፣ ረፈድ ሲል ሻል ይላታል። አሁን ደግሞ እያወራች ቃላት ይጠፉባታል። እሷ «ድካም ነው» ትላለች። ያለ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) ሲቲ ስካን ተነስታ ምንም የለም ተባለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አካበድኩ እንዴ?

የካንሰር ክፍል ነርስ፦
አላካበድሽም እህቴ። ራስ ምታት ብቻውን ብዙ ምክንያት አለው፣ ጠዋት እየባሰ ማስመለስና የንግግር ችግር ሲጨመርበት ግን ዝም አይባልም። ሄር-ቱ ፖዘቲቭና ትሪፕል ኔጋቲቭ (ሄር-ቱም የሆርሞን ተቀባዮችም የሌሉት) የሚባሉት ዓይነቶች ከሌሎቹ ይልቅ ወደ አንጎል ይሄዳሉ፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ቢሆን። የሚያስፈልጋት ኮንትራስት በደም ሥር ተሰጥቷት የሚነሳ ኤምአርአይ ነው። ሲቲ፣ በተለይ ያለ ኮንትራስት፣ ትንንሾቹን እጢዎች ይስታል። የኩላሊት ችግር ካለባት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ደግሞ አንድ እጅ ወይም እግር መዛል፣ ብዥታ፣ ሚዛን መሳት፣ የጸባይ መለወጥ ካየሽ ጽፈሽ ያዢ። ሐኪም ቤትም አብረሻት ግቢ፣ ምክንያቱም ታማሚዋ ራሷ ለውጡን ላታስተውለው ትችላለች።

ልጇ ነኝ፦
እናቴ ፔት ስካን (ብዙ ስኳር የሚጠቀም ቦታ የሚያበራበት ምርመራ) ተነስታ «ንጹህ ነው» ሲባል እፎይ ብለን ነበር። በኋላ ኤምአርአይ ላይ ታየ። አንጎል ራሱ ብዙ ስኳር ስለሚጠቀም ፔት ላይ ሁሉም ቦታ ያበራል፣ እጢው እዚያው ይደበቃል። የደም ምርመራ ደህና መሆኑም ዋስትና አይሆንም።

ታናሿ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤምአርአይ ላይ የሆነ ነገር ከታየ ካንሰሩ ነው ማለት ነው?

የካንሰር ክፍል ነርስ፦
ሁልጊዜ አይደለም። የታየው ነጥብ አንድ ብቻ ከሆነ ወይም ሐኪሞቹ ከተጠራጠሩ ቀዶ ሕክምና ወይም ባዮፕሲ (ለምርመራ ናሙና መውሰድ) ይታሰባል። ናሙናው ከተወሰደ የሄር-ቱና የሆርሞን ምርመራው እንደገና ይሠራ በሉ፣ ከጡቱ ሊለይ ስለሚችል መድኃኒቱንም ይቀይራል። ብዙ ሰው ወደ አንጎል ሄደ ሲባል ሁሉም ነገር ያበቃለት ይመስለዋል፣ እኔ በዚህ አልስማማም፤ ነጥቡ ላይ ብቻ ያነጣጠረ ጨረር አለ፣ ለሄር-ቱ ደግሞ አንጎል ውስጥ ገብተው የሚሠሩ መድኃኒቶች አሉ። አሁን ግን ቃላት እየጠፉባት ስለሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውሉ። ካንቀጠቀጣት፣ ራሷን ከሳተች ወይም አንድ ጎኗ ከዛለ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።