ፊቴ ይለበልበኛል፣ እግሬን ሳክ አደርኩ፤ ሰርጉ እሁድ ነው

የሙሽራዋ እናት፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የልጄ ሰርግ እሁድ ነው። ፊቴ ቀልቶ ይላጣል፤ ውሃ ሲነካው በርበሬ እንደተነሰነሰበት ይለበልበኛል። ሌሊት ደግሞ ቅልጥሜ ላይ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል። ሳክ አድሬ አንሶላው ደም ነክቶታል። 51 ዓመቴ ነው፣ የወር አበባ ካየሁ ዓመት ከመንፈቅ አልፎኛል። ማረጥ እንዲህ ያደርጋል እንዴ? ምን ልቀባ?

ቫዝሊን ብቻ፦ ቫዝሊን። ማታ ማታ ጥግብ አድርገሽ ተቀቢ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ስናርጥ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል። ቆዳን ከሥር ደግፎ የሚይዘው ኮላጅን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ብቻ 30 በመቶ ያህሉ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ። ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎችም ይደክማሉ። ለዚህ ነው ቆዳው የሚሳሳው፣ የሚደርቀው፣ የሚያሳክከው። ጉንዳን የሚሄድብሽ የሚመስልሽም ብዙዎቻችን ላይ የደረሰ ነው። እናቴ በዚያ ዕድሜዋ በውድቅት ሌሊት ተነስታ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን ገልጣ ትቀመጥ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ራሴ ሳርጥ ነው። አንዲት ቃል አልነገረችንም። ለሴት ልጆቻችን እንንገራቸው።

የፋርማሲ ልጅ፦ እማዬ፣ የእግርዎስ ይሁን፤ ፊትዎን እንዲህ ያደረገው ግን ማረጥ ብቻ አይመስለኝም። ድርቀቱ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ምን ሲቀቡ ነበር?

የሙሽራዋ እናት፦ ምንም። ያው ለማድያቴ የምቀባትን እንጂ። ከሠፈራችን የመዋቢያ ሱቅ የገዛኋት ትንሽ ቲዩብ ናት፣ 2 ወር ሆናት። ለሰርጉ እንዲጠራልኝ ጠዋትም ማታም አደረግኳት፤ ከ3 ቀን በፊት አለቀች።

የፋርማሲ ልጅ፦ ነገሩ እሱ ነው! ቲዩቧ ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚል ካለ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት ነው። ፊት ያሳሳል፤ ሲቋረጥ ደግሞ መልሶ ያቀላል፣ ያቃጥላል። በማረጥ የሳሳ ቆዳ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ድርብ ነው። ሌላ እንዳይገዙ። ነገ ቲዩቧን ይዘው ቆዳ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። እስከዚያ ፊትዎን ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይለቅለቁ፣ ቫዝሊን ስስ አድርገው። ሎሚ፣ እርድ፣ ስክራብ ምንም አይንካዎት።

ቫዝሊን ብቻ፦ ይኸው! ቫዝሊን አላልኩም?

አራት ኪሎ፦ ወይባ ጢስ ብትገቢስ? የሙሽራ እናት ሳትታጠን ሰርግ አለ እንዴ? ሙሽራዋን ትተው አንቺን ነው የሚያዩት!

የፋርማሲ ልጅ፦ ኧረ በፍጹም! ሙቀቱና ጢሱ ይብስ ያደርቃል።

ስቶክሆልም ያለሁ፦ ለእግርሽ እኔ ልንገርሽ፤ እዚህ አገር ክረምት ያስተማረኝ ነው። ፍል ውሃ ተዪ። ለብ ባለ ውሃ ከ10 ደቂቃ አትለፊ፤ ሳሙናው ሽታ የሌለው፣ እሱም ለብብትና ለሚቆሽሸው ቦታ ብቻ። በፎጣ አትፈትጊው፤ ጠቅ ጠቅ አድርጊና ቆዳሽ እርጥብ እያለ፣ 3 ደቂቃ ሳይሞላ ተቀቢ። ደረቅ ቆዳ ላይ መቀባትና እርጥብ ላይ መቀባት በጣም ይለያያል። እርጥበት የሚይዘው ዩሪያ ያለበት ክሬም ጥሩ ነው፣ የቆሰለው ላይ ግን ያቃጥልሻል። ጥፍርሽን ቁረጪ፣ የጥጥ ልብስ ለብሰሽ ተኚ። በ2 ሳምንት ካልተወሽ ደም ተመርመሪ፤ ታይሮይድም (የአንገት ዕጢ) ጉበትም ኩላሊትም ሲታመሙ እንዲህ ያሳክካሉ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ጸሐይንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደመና ቢሆንም ጸሐይዋ ትጠብሳለች፣ ማድያትን የምታብሰውም እሷ ናት። እሁድ ከድንኳን አትውጪ፣ ጃንጥላ ያዢ። ፊትሽ ሲድን ቁጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የጸሐይ መከላከያ በየቀኑ።

የሙሽራዋ እናት፦ ቲዩቧን ከቆሻሻው ውስጥ አወጣኋት። ጽሑፉ ደብዝዟል፣ "ክሎ" የሚለው ብቻ ይነበባል። ጠዋት እሄዳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።

አዲስ አባል፦ እህቴ፣ ክዳኗ ነጭ፣ ዳሯ ላይ ቀይ መስመር ያላት ናት? እኔም እሷኑ ነው የምቀባው። እባክሽ ፎቶዋን ለጥፊልኝ።