የአንገት ንቅሳትና ታቱ በሌዘር ለማስጠፋት የት ይሻላል?

ሰላም ቤተሰብ፣ እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ማስጠፋት ፈልጋለች፣ እኔም ክንዴ ላይ ባለ ቀለም ታቱ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ክሊኒክ ይሻላል ወይስ ሳሎን? ያማል እንዴ?

— እህት፣ የእናትሽ ይቀላል። የድሮው ንቅሳት አብዛኛውን ጊዜ በጥላሸት የተወጋ ስለሆነ ጥቁር ነው፣ ጥቁርን ደሞ ሌዘር ቶሎ ይይዘዋል። የሚያስቸግረው ያንቺ ነው፣ በተለይ አረንጓዴና ሰማያዊ ካለው፣ ለነሱ የሚሆነው ጨረር የኛን የቆዳ ቀለምም አብሮ ስለሚመታ ታቱው ሲለቅ ነጭ ምልክት ሊተውልሽ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ማሽኑን ጠይቂ፣ ለጠቆረ ቆዳ የሚሻለው ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር፣ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ነው። ፒኮ (በጣም አጭር ምት የሚለቅ ሌዘር) ነው ብለው ዋጋውን የሚሰቅሉት አሉ፣ ጥሩ ማሽን ነው ግን ለጥቁር ንቅሳት እኔ እጥፍ አልከፍልም። በአይፒኤል (ሌዘር ያልሆነ የብርሃን ማሽን ነው) እናጠፋለን ካሉሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ፣ ያቃጥልሻል።

ሳሎን ይረክሳል ግን አንገትና ፊት የቆዳ ሐኪም በሌለበት አላስነካም፣ ጠባሳዋ የሚያብጥ ከሆነ ደሞ ቀድማ ትንገራቸው። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው ያሳዩሽ፣ የሁሉንም ዙር በአንዴ ክፈሉ ካሉ እምቢ በይ፣ ስንት ዙር እንደሚፈጅ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅማ። በየዙሩ መሃል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል፣ በየሁለት ሳምንቱ ኑ የሚል ብርሽን ነው የፈለገው።

ህመሙ? ትኩስ ዘይት ሲፈናጠቅብሽ አይነት ነው፣ ማደንዘዣ ክሬም ይቀቡሻል። ጧ ጧ ሲል ቦታው ወዲያው ነጭ ይሆናል፣ አትደንግጪ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ውሃ ከቋጠረ እንዳታፈርጪው፣ ቫዝሊን ቀብተሽ ሸፍኚው፣ ከዛ ሰንስክሪን የግድ ነው።

— ቅንድብ የተነቀሳችሁ ተጠንቀቁ፣ ቡናማውና የቆዳ መልክ ያለው ቀለም ሌዘር ሲነካው ወደ ጥቁር ሊቀየር ይችላል። ቲክቶክ ላይ የሚሸጠውን ማጥፊያ ክሬም ደሞ ተዉት፣ አንዳንዱ አሲድ ነው ቆዳ ነው የሚልጠው። በነገራችን ላይ እናትሽ ራሷ ናት የፈለገችው ወይስ አንቺ ነሽ? ያምር የለ እንዴ የአንገት ንቅሳት!

— ኧረ እሷ ናት ባክህ፣ ጎረቤቷ አስጠፍታ መጥታ ቀንታ ነው ሃሃሃ። እሺ 1064 ብዬ እጠይቃለሁ፣ ተባረኩ።