ኮርቻው ወደ ቀኝ የሚንሸራተተው ለምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ፣ ቀድሞ ጋሪ ይጎትት የነበረ ዳማ ፈረስ ለግልቢያ እያለማመድሁ ነው። ፈረሱ ቆሞ ሳለ ኮርቻው መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ሶምሶማ ሲጀምር ግን ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። እርካቦቹ እኩል መሆናቸውን ለክቼ አረጋግጫለሁ፤ ኮርቻው በሌላ ፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ በዚህኛው ላይ ግን ጋላቢው ቢለወጥም ያው ነው። ከኋላ ሆኜ ስመለከተው የግራ ትከሻው ከቀኙ ይወፍራል፤ ኮርቻው ሲወርድ ደግሞ፣ ጀርባው በላብ ርሶ ሳለ ከቀኝ ትከሻው ኋላ መዳፍ የሚያህል ቦታ ደረቅ ሆኖ ይገኛል፣ ይህም ጫናው እዚያ መብዛቱን ሊያመለክት ስለሚችል እንዳይቆስልብኝ እጅግ አሳስቦኛል። የኋላ እግር ሕመም፣ ፈረሱ በግልጽ ሳያነክስ እንኳ፣ ኮርቻን ወደ አንድ ጎን ሊያንሸራትት እንደሚችል ስለማውቅ ከስሩ ጨርቅ ደርቤ ከማስተካከል ይልቅ ግልቢያውን አቁሜያለሁ። መንስኤው የትከሻው አለመመጣጠን ይሁን የኋላ እግሩ ሕመም፣ ፈረሱን ሳልጋልበው በምን ልለየው እችላለሁ?