ፌስዋሼ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የሚያነብልኝ አለ?

የኮዬዋ፦

ሰላም ናችሁ? የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አቧራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማታ ፊቴን በነጭ ፎጣ ስጠርግ ፎጣው ቡኒ ይሆናል። አፍንጫዬ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ አገጬ ላይ ብጉር አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ታክሲ ተራው ጋ ካለች ኮስሞቲክስ ቤት "የሞተ ቆዳ ያነሳል" ተብዬ ስክራብ ያለው ፌስዋሽ በ900 ብር ገዛሁ። ከፊት ለፊቱ ሎሚና ቅጠል ተስሎበታል፣ "ተፈጥሯዊ" ይላል።

የመጀመሪያ ቀን ፊቴ እንደ ሕፃን ለሰለሰ። ደስ ስላለኝ ጠዋትም ማታም መታጠብ ጀመርኩ። አሁን ታጥቤ ስጨርስ ቆዳዬን ይወጥረኛል፣ ጉንጬን ይለበልበኛል፣ ከዓይኔ ሥር አጥንቱ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ነገር ወጣብኝ። ባለሱቋን ብጠይቃት "ማቃጠሉ እየሠራ ነው ማለት ነው፣ ቻይው" አለችኝ።

ጀርባው ላይ ጉንዳን በሚያህል ፊደል የተጻፈውን እንደምንም ገለበጥኩት፦ አኳ፣ ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት፣ ግሊሰሪን፣ ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን፣ ጁግላንስ ሬጂያ ሼል ፓውደር፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ፌኖክሲኢታኖል፣ ሜንቶል፣ ፓርፉም፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ሲትረስ ሊሞን ፒል ኤክስትራክት፣ ከዛ የቀለም ቁጥሮች። አሲድ ሁለት ቦታ አለ! ሎሚው የታለ? የሚያቃጥለኝስ የቱ ነው?

ሳቂታው ቡራዩ፦

እኔ ይሄን አሥረኛ ክፍል ወድቄበታለሁ፣ ፊቴ ላይ አላስጠጋውም 😂

ፋርማሲስቷ (አያት ሰፈር)፦

የኔ እህት፣ መጀመሪያ ማቃጠል "እየሠራ ነው" ማለት አይደለም። ትንሽ መቆንጠጥ ሊኖር ይችላል፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚለበልብ ግን ቆዳሽ በቃኝ እያለሽ ነው።

ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። አንደኛ ያለው በብዛት ያለው ነው፣ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን እንደፈለጉ ይደረደራሉ፣ ቀለሞቹም መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። አኳ ያው ውሃ ነው። አብዛኛውን ብርሽን የከፈልሽው ለውሃ ነው ማለት ነው፣ አትናደጂ፣ ሁሉም ፌስዋሽ እንዲሁ ነው። ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት አረፋውን የሚሰጠውና ቅባትና አቧራውን የሚያነሳው ነው። ቤታይን የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከኮኮናት ዘይት የሚሠራ ሲሆን ያኛውን ያለሰልሰዋል። ግሊሰሪን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ግሊሰሪን ነው፣ ቆዳ ላይ እርጥበት ይይዛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንምጣ። ጁግላንስ ሬጂያ የዋልነት ዛፍ የላቲን ስም ነው፣ ሼል ፓውደር ማለት የዋልነት ቅርፊት ዱቄት። በጣትሽ ስታሺው የሚኮሰኩስሽ ፍርፋሪ እሱ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ ሲፈጭም ጠርዙ እኩል አይሆንም። ሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ ሌላኛው የሞተ ቆዳ የሚያነሳ ነገር ነው፣ ግን በመፋቅ ሳይሆን የተጣበቀውን በማላላት። ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይሠራል፣ ለጥቁር ነጥብ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በሚሸጡ የብጉር ምርቶች ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ይጨመራል። ለብቻው ቢሆን ላንቺ ብጉር ጥሩ ነበር። አንቺ ግን በአንድ ዕቃ ሁለት ፋቂ ይዘሽ በቀን ሁለቴ ታሽዋለሽ። በሳምንት አሥራ አራት ጊዜ መሆኑ ነው! አንድ ቆንጆ ስክራብ እንኳ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይበቃዋል።

ሜንቶል ቀዝቀዝ የሚያደርግሽ ነው፣ የሚያጸዳው ነገር የለም። ፓርፉም ሽቶ ነው፣ በዚያች በአንድ ቃል ሥር ብዙ ዓይነት ማሽተቻ ሊደበቅ ይችላል፣ ለተቆጣ ቆዳ ሁለቱም አይመከሩም። ፌኖክሲኢታኖል ስሙ ያስፈራል እንጂ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ነው፣ አውሮፓ ውስጥ እስከ 1 በመቶ ይፈቀዳል። ውሃ ያለበት ነገር ያለ እሱ ዓይነት መከላከያ ሻጋታና ባክቴሪያ ያፈራል። ሲትሪክ አሲድም አያስፈራሽ፣ እዚህ ቦታ ላይ የሚገባው የፌስዋሹን የአሲድ መጠን ለማስተካከል ነው። ሎሚሽ ደግሞ ይኸው ከሽቶው በኋላ ቆማለች። ከፊት ለፊት ትልቅ ሥዕል፣ ከኋላ ጠብታ።

ሚሚ አራብሳ፦

እኔ ለዚህ ነው ኬሚካል የማልነካው። ሎሚና ስኳር፣ አለቀ። እናቴም እንደዛ ነው ያሳደገችኝ።

ፋርማሲስቷ (አያት)፦

ሚሚዬ ሎሚም እኮ አሲድ ነው፣ ያውም ማንም ሳይለካው የሚጨመቅ። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው፣ የቆዳችን ግን 5 አካባቢ። ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ ከወጣሽ ደግሞ ሊያቃጥልሽና ጥቁር ምልክት ሊተውብሽ ይችላል። እናትሽን አክብሪያት፣ ሎሚውን ሻይ ውስጥ አድርጊው። ስኳሩን እንኳ ለእጅሽ ተይው።

ጢሙ ያስቸገረው፦

የወንድም ይመለሳል? እኔ ጢሜን ስላጭ አንገቴ ላይ እብጠት ይወጣብኝ ነበር፣ ሳሊሲሊክ ያለበት ፍርፋሪ የሌለው ፌስዋሽ ስጠቀም ቀነሰልኝ። ግን የማንም የማያወራው ነገር ውሃው ነው። እኛ ጋ ሰበታ መንገድ ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ አራተኛ ፎቅ በጀሪካን አወጣለሁ፣ ታዲያ በአንድ ጆግ ታጥቤ አረፋው ጆሮዬ ሥር ይቀራል። ያም ያሳክካል ወንድሞቼ። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ በተራ ሳሙና ስትታጠቡ ፊታችሁ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይተዋል።

ፋርማሲስቷ (አያት)፦

ትክክል ብለሃል፣ ጠንካራ ውሃ (ማዕድን የበዛበት ማለት ነው) ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ያንን ዝቃጭ ይፈጥራል። አብዛኞቹ ፌስዋሾች ሳሙና ስላልሆኑ በዚህ ይሻላሉ፣ ግን ውሃ ጠግበው መታጠብ አለባቸው። ኮዬዋ፣ ትንሽ ውሃ ካለሽ ትንሽ ፌስዋሽ አድርጊ፣ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃል።

ጠቆር ያለውን በተመለከተ፣ ጠይም ቆዳችን ሲቆጣ ምልክት ይተዋል፣ አፋጥነሽ ላጥፋው ብለሽ ብትፈትጊው ደግሞ ይብስበታል። ስክራቡን ለሦስት ሳምንት አቁሚ። ሽቶ በሌለው ለስላሳ ነገር በማታ ብቻ ታጠቢ፣ ጠዋት ውሃ ብቻ፣ ቆዳሽ እርጥብ እያለ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ተቀቢ። ሰንስክሪን ደግሞ ግድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም እንዳትዪ። አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ሲያገኝሽ ነው የሚጠብስሽ። ካልለቀቀሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ታዪ።

አስፕሪን የማይስማማው ሰው ደግሞ ሳሊሲሊክ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ፣ ዘመዳሞች ናቸው።

ገላን ኮንዶ፦

አንድ ነገር ልጨምር። "ያነጣል" የሚል ጽሑፍ ኖሮት ጀርባው ላይ ምንም ዝርዝር የሌለው ካገኛችሁ በነጻም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ የሚጨመርባቸው አሉ። የእኔ እህት አንድ ዓመት ተቀብታ ቆዳዋ ሳስቶ የደም ሥሯ ሁሉ ታየ።

ሳቂታው ቡራዩ፦

ቀልዴን ትቼ የእኔን ፌስዋሽ ላነበው ሄድኩ። ከአኳና ከአረፋ ሰጪው ቀጥሎ ሽቶ ነው ያለው። ለካ ስታጠብ ሽቶ ተቀብቼ ነው የምወጣው።

የኮዬዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሱቋ ሄጄ አንድ በአንድ ጀርባቸውን እያዞርኩ ሳነብ ባለሱቋ "እህቴ፣ ውል ልትፈርሚ ነው?" አለችኝ። ሽቶ የሌለው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም 1,400 ብር። ደሞዝ እስኪወጣ ቫዝሊኔን ይዤ እቆያለሁ፣ ሰንስክሪኑን ግን ገዛሁ። ማቃጠሉ ከቆመ አምስተኛ ቀኔ ነው፣ ጥቁሩ ገና አለ።

የተረፈው ግማሽ ጠርሙስ አሳዝኖኝ ነበር፣ ለካ ለተረከዝ ተአምር ነው።